መልስ፦ የመዳቡ ቅጠል እጥፋቱ ላይ ለምን ይሰነጠቅብኛል?

አብሽር ወንድሜ፣ የመዳብ ሉህ ለሁለት አጥፈህ በመዶሻ እየቀጠቀጥክ ቅጠል ስትሠራ ቢሰነጠቅብህ መዳቡን አትማው። መዳብ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቀው። መዶሻው መንጠር ሲጀምር፣ ድምፁም ሲቀጥን፣ እዚያው አቁም። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለውና ውሃ ውስጥ ክተተው፤ ይለሰልሳል። የምትሠራበት ብረት ብር ከሆነ ግን ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ቅላቱ ይጥፋ።

እኔ ደሴ ቤቴ ስሠራ መጋረጃውን እዘጋለሁ። በፀሐይ ብርሃን ቅላቱ አይታይም። የሰው ብር አቅልጬ ነው የተማርኩት!

0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሉህ ይበቃሃል። ምቱ የታጠፈው ጠርዝ ላይ ብቻ ይረፍ። እሱ ሲረዝም ክፍቱ ወገን ባለበት ይቀራል፤ ቅጠሉ ራሱ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ለመክፈትም እንደገና አግለው። ከበረደ በኋላ በደነዘዘ ቢላዋ ቀስ ብለህ ፈልቅቅ። መሀሉ ላይ የሚቀረውን መስመር እንዳትደፈጥጠው፣ የቅጠሉ ጅማት እሱ ነው።