ስለ ፎርክሊፍት ሥራ ለጠየቅከው የፍኖተ ሰላም ልጅ

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ መላልሼ አነበብኩት። በእህል መጋዘን ሦስት ዓመት ጭነት በሹካ የሚያነሣውን ፎርክሊፍት መንዳትህን፣ አንድ ደላላ «ዱባይ በዚሁ ሙያህ አስገባሃለሁ» ብሎ 120,000 ብር እንደጠየቀህ ጽፈህ፣ እጅህ ላይ ያለው የልዩ ተንቀሳቃሽ መንጃ ፈቃድ እዚያ ያሠራ እንደሆነ ጠይቀሃል። ፈቃዱ አያሠራም። ደላላው ግን ከፈቃዱ የባሰ ነገር ሳይነግርህ ቀርቷል ብዬ እገምታለሁ፤ እኔም ከቡሬ መጋዘን ተነሥቼ በ2014 ዓ.ም. በዚያው መንገድ ሄጄበታለሁና።

አንደኛ፣ ገንዘቡን አትክፈል። እኔ ለደላላ 85,000 ብር ከፍያለሁ። ግማሹ አባቴ ጥማዳቸውን ነጥለው የሸጡት በሬ ዋጋ ሲሆን፣ ግማሹን ከእቁብ ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩት፤ አባቴ ያንን ክረምት በመቀናጆ አረሱ። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆኑ ማስረጃና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነበር። የኤምሬትስ የሥራ ሕግም አሠሪው የቅጥር ወጪውን ከሠራተኛው ላይ እንዳይወስድ ይከለክላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዱባይ፣ ጀበል አሊ ከደረስኩ በኋላ፣ አብሮኝ የሚያድር አንድ ኬንያዊ የከፈልኩትን ሰምቶ አልጋው ላይ እየተንከባለለ ሲስቅብኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን ሁሉ እንድጽፍልህ ያደረገኝም ይህ ነጥብ ነው፤ በውሉ ላይ «የሥራ መደብ» የሚለውን መስመር አንብብ። እኔ አላነበብኩትም።

ውሉን ለማስረገጥ የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፌ ረፋዱ ላይ መስኮቱ ዘንድ ስደርስ፣ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሙያ?» አለችኝ። «ፎርክሊፍት ኦፐሬተር» አልኳት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ሹፌር ነህ ወይስ ተሸካሚ?» ስትል ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ላስረዳት አፌን ስከፍት «ወረቀቱ ላይ ያለው ይበቃል፤ ፈርም» ብላ እስክሪብቶውን በመስኮቱ ቀዳዳ ወረወረችልኝ። ተናድጄ ነበር፤ አፍሬም ነበር፤ የኋላው ሰልፈኛ ደግሞ በክርኑ ይገፋኛል። ፈረምኩ። 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ እንግሊዝኛውን ማንበብ አያቅተኝም ነበር፤ ዓይኔ ያረፈው ግን 1,100 ድርሃም የሚለው ላይ ብቻ ነው። በሴትየዋ ብልግና ዛሬም ድረስ እበግናለሁ፤ ሆኖም የጠየቀችኝ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ እንደነበር ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ካቦው የማሽን ቁልፍ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሰጠኝ ጓንትና የፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) መጠቅለያ ፕላስቲክ ነበር። ስህተት አለ ብዬ ቢሮ ስገባ ውሌን አውጥተው አነበቡልኝ። በዐረብኛ «ዓሚል ሸሕን ወተፍሪግ» ይላል፣ ጫኝና አውራጅ ማለት ነው። የፎርክሊፍት ነጂ ቢሆን ኖሮ «ሳኢቅ ራፊዓ ሾኪያ» መባል ነበረበት። (ይህች «ሾኪያ» የእኛዋ ሹካ ዘመድ ናት፤ እሷን ብቻ እንኳ ብለያት ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንደተገላበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።) «ቪዛህ ላይ ያለው ሙያ ይህ ነው፤ ማሽን ብትነካ የምንጠየቀው እኛ ነን» አሉኝ። በእነሱ በኩል ሐሰት አልነበረበትም፤ የዋሸኝ ደላላው ነው።

እናም ዐሥራ አራት ወር ካርቶን አወረድኩ። ኮንቴይነር ውስጥ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል ቆላ ወርዶ ያጨደ ሰው ቢገምት እንጂ ሌላው አይገምተውም። በኤምሬትስ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ቀን ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው፤ የእኛ ኮንቴይነር ግን አፉን ወደ መጋዘኑ ሰጥቶ ስለሚቆም «እናንተ ጥላ ውስጥ ናችሁ» ይሉን ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአጠገቤ ፎርክሊፍቱ ሽው እያለ ያልፋል። ነጂው ማስቱን (ሹካውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ምሰሶ) ሳያወርድ ሲጠመዝዝ እያየሁ «እኔ እሻል ነበር» እያልኩ እበሳጫለሁ።

ሦስተኛው ስለ መንጃ ፈቃዱ ነው። ዱባይ ቀላል ፎርክሊፍትና ከባድ ፎርክሊፍት የሚባሉ የራሳቸው የመንጃ ፈቃድ ምድቦች አሏት፣ የእኛ ፈቃድም በእነሱ አይቀየርም። ከስንት ልመና በኋላ ድርጅቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬም ማሠልጠኛ ገባሁ። የቡሬን መጋዘን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳው የነበርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ፈተናው ለእኔ ለይስሙላ ነው የሚል ትዕቢት ነበረብኝ።

ፈታኙ ማሽኑ ላይ ሳልወጣ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ አሳየኝና «ስንት ያነሣል?» አለኝ። «2 ቶን ተኩል» አልኩት። «የጭነቱ መሐል ከሹካው ሥር ምን ያህል ሲርቅ? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ?» ዝም አልኩ። የቡሬዋ ማሽን ሰሌዳ ቀለም ተለቅልቆባት የሚነበብ አልነበረም፤ የእኛ ልኬት 20 ኩንታል በአንድ ፓሌት ነው፣ አለቀ። ለካስ 2,500 ኪሎ የሚለው የጭነቱ መሐል ከሹካው መነሻ 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው፤ ጭነቱ ሲረዝም ወይም ማስቱ ከፍ ሲል ማሽኑ በደኅና የሚያነሣው እየቀነሰ ይሄዳል። ቀጥሎ ጭነት ይዤ መውረጃውን ፊት ለፊት ስወርድ ፊሽካውን ነፋና አስወረደኝ። ጭነት ይዘህ ስትወጣም ሆነ ስትወርድ ጭነቱ ምንጊዜም ወደ ዳገቱ ማየት አለበት፤ ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው በኋላ ማርሽ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመጋዘኑ በር ወደ መኪና መጫኛው በግንባር ስወርድ ኖሬ አለመገልበጤ የእናቴ ጸሎት ነው። ቀበቶም አስረን አናውቅም፤ ማሽን ሲገለበጥ ዘሎ ማምለጥ ይቻላል እንባባል ነበር፣ ሰው የሚሞተው ግን ሲዘል ካቢኑ ከላዩ ሲያርፍበት ነው። ቀበቶህን አስረህ መሪውን አጥብቀህ ይዘህ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ዘንበል ማለት ነው ያለህ ምርጫ።

በሁለተኛው ፈተና ከዘጠኝ ተፈታኞች ሦስት ስናልፍ አንዱ እኔ ነበርኩ። ውሉ በአዲስ የሥራ መደብ ተቀየረ፤ ደመወዙ 1,900 ድርሃም ሆነ። በኋላም ጎንን ሰጥቶ በሚነዳው፣ ለረጅም መደርደሪያ በተሠራው ሪች ትራክ 10 ሜትር ከፍታ ካለው መደርደሪያ ላይ ፓሌት ማውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ይስቅብኝ የነበረው ካቦ አዲስ ሰው ሲመጣ «ከሐበሻው ጋር አስቀምጡት» ይል እንደነበር ብጽፍ ጉራ አይሁንብኝ። በ2017 ዓ.ም. ስመለስ ለአባቴ ጥማዱን ሞላሁላቸው፤ እቁቡን ግን ከዚያ በፊት እህቴ ጠላ እየሸጠች ከፍላልኝ ነበር።

ሌላው ቀላል ነው። በኤምሬትስ ሕግ ፓስፖርትህን አሠሪው ሊይዝብህ አይችልም። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት ቢያንስ 25 በመቶ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ያለው ደግሞ 50 በመቶ ተጨምሮ ይከፈላል፤ በፈረቃ ከተቀጠርክ ግን የሌሊቱ ጭማሪ አይመለከትህም። ደላላው «በጉብኝት ቪዛ ግባና እዚያ ይቀየርልሃል» ካለህ ስልኩን ዝጋው።

ደላላውን ነገ ደውለህ ገንዘብ ሳይሆን የውሉን ቅጂ ጠይቀው። ከላከልህ ስምህንና የፓስፖርት ቁጥርህን ሸፍነህ የሥራ መደቡ ያለበትን መስመር ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ዐረብኛውን አነብልሃለሁ። ቀን መጋዘን ስለምውል የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው።