ኤሲዬ አልነሳ አለ ላልሽው የኮቺዋ እህታችን

እህቴ፣ ማንም ሰው የኤሲሽን ቦርድ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ እንዳይነቅለው። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ጥያቄዋን ላላያችሁ፦ ቤቷ እዚህ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ የሆነ ስፕሊት ኤሲ (አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚሰቀለው ዓይነት) አላት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሲው አልነሳ አለ። ሪሞቱን ብትጫን ድምፅ የለም፣ የውስጡ ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ መብራትም አትበራም። የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ «ጋዝ አልቋል» አለ። ቀጥሎ በቴስተር ነካ ነካ አድርጎ «መብራት አለ፣ ስለዚህ የሄደው ቦርዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ግማሹን አስቀድመሽ ክፈይ» አላት። «ልክፈል ወይ?» ነው የምትለው።

አትክፈይ። ቢያንስ ዛሬ አትክፈይ።

«ጅማ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል» ብላችሁ ከሥር የሳቃችሁትን አይቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ዝናቡም አይጠፋም። ግን የካቲት ላይ ከምሳ በኋላ ፎቅ ላይ ካለ ክፍል፣ በቀጥታ ቆርቆሮው ሥር ተቀመጡና ከዚያ እናውራ። እኛ ደግሞ ከድሬዳዋ ነው የመጣነው። ኤሲው ከዕቃው ሁሉ ቀድሞ አይሱዙ ላይ የተጫነ ነው። አማቴ ሌላውን ሁሉ ለምደዋል፣ ቡናውን እንዲያውም ከድሬ አስበልጠውታል። ያለ ኤሲ ግን ቀን ላይ ጋደም አይሉም። ስለዚህ እኛ ቤት ኤሲ ሲሞት ቀልድ የለም።

በተራ ልንገርሽ።

1. ሪሞቱን ከጥርጣሬ አውጪው። ባትሪውን ቀይሪ። ከዚያ የስልክሽን የፊት ካሜራ ክፈቺና የሪሞቱን አፍ ወደሱ አዙረሽ ቁልፉን ተጫኚ። ብዙ ስልክ ላይ ብልጭ የምትል ነጥብ ትታያለች። ከታየች ሪሞቱ እየሠራ ነው። የውስጡን ክፍል የፊት ክዳን ቀና ስታደርጊ ደግሞ ትንሽ ቁልፍ ታገኛለሽ፣ ያለ ሪሞት ማስነሻ ናት። እሷም ካላስነሳችው ሪሞቱን ተይው። ያንቺ መብራቷም አልበራ ስላለ ይሄ ለአንቺ ሳይሆን ለሌሎች ነው።

2. ጋዝ። ይሄ ነገር ያበሽቀኛል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሲጎድልም ኤሲው ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ነፋስ ይሰጣል። አያቀዘቅዝም፣ በቃ። አንዳንዱ የስህተት ቁጥር ያሳያል። ድምፅም መብራትም የሌለው ማሽን ፊት ቆሞ «ጋዝ አልቋል» የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ አንቺን እየለካሽ ነው። ጋዝ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣም የሚወጣበትን ቦታ አሳየኝ በይው። ሳያሳይሽ ሞልቶ ከሄደ ለከርሞም ተመልሶ ይመጣል፣ ደንበኛው ሆንሽ ማለት ነው።

3. ብሬከሩና ስታቢላይዘሩ። ብሬከር አንዳንዴ ሲወርድ መሃል ላይ ይቆማል፣ ለዓይን ያልወረደ ይመስላል። እስከ መጨረሻው አውርጂውና መልሰሽ አንሺው። እንደገና ከወረደ ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ የሆነ ቦታ ገመድ ከገመድ ተነካክቷል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሣጥን) ካለሽ ደግሞ መብራት ሲመለስ ወዲያው አያሳልፍም። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርም የራሱ 3 ደቂቃ ገደማ መጠበቂያ አለው፣ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ። በዚህ መሃል ነው ሰው ሪሞት እየቀጠቀጠ «ተበላሸ» ብሎ ባለሙያ የሚጠራው። ሁሉንም አጥፍተሽ አሥር ደቂቃ ታግሠሽ አብሪው። አንዳንድ ቦርድ መብራት መጣ ሄደ ሲል ይደነዝዝና በዚህ ብቻ ይነቃል።

ቮልቴጅ ሲወርድም ስታቢላይዘሩ ጭራሽ ይዘጋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። ያንቺ ኤሲ ሲሠራ 1 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ሰፈሩ በአንድ ላይ ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው ወደ 170 ቢወርድ አይግረምሽ። የጊልገል ጊቤ ጎረቤት ሆነን ይሄን ማውራታችን ያስቃል፣ ግን ግድቡ ሥራውን ይሠራል። ጉዳዩ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬትሽ ያለው ገመድ ነው።

4. ቴስተር። እዚህ ላይ ነው ገንዘቤ የሄደው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ቴስተር የሚሏት ያቺ መብራት ያላት ካቻቢቴ ፌዙን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ገመድ፣ ብቻ ነው የምታየው። ኤሌክትሪክ ግን መሄጃም መመለሻም ይፈልጋል። መመለሻው ኒውትራሉ ነው። ኒውትራሉ ተቃጥሎ ወይ ተላቆ ቢሆንም ቴስተሯ ፌዙ ላይ ቦግ ትላለች። ማሽኑ ግን አይነሳም፣ ምክንያቱም መንገዱ ግማሽ ነው። ያንቺ ባለሙያ «መብራት አለ» ያለው በዚህች ቴስተር ነው። የኔም እንዲሁ።

የኔ ባለሙያ ከአንድ የጥገና ሱቅ ነው የመጣው። ስሙን አልጠራም። ቱታ ለብሷል፣ ቦርሳው ትልቅ ነው፣ አፉ ደግሞ ከቦርሳው ይበልጣል። ወንበር ላይ ወጥቶ በቴስተር ነካ። በራች። «አየህ ጋሼ፣ መብራት አለ። ቦርድ ነው።» መልቲሜትር (ቮልቱን በቁጥር የሚናገረው መለኪያ) የለህም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ሃያ ዓመት በዚህ ነው የሠራሁት» አለኝ። ልጁ ራሱ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ቦርዱን ነቅሎ በፌስታል ይዞት ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ቦርዱ አዲስ አበባ ነው፣ ሞዴሉ ጠፋ፣ ተገኘ፣ መኪና ላይ ተጭኗል፣ ነገ ነው። ሱቁ ስሄድ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ይደወልልዎታል» ትላለች። ማንም አይደውልም። አማቴ በበኩላቸው ከሰዓት በኋላ ውሃ የነከሩትን ነጠላ ግንባራቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩኛል። ከሱቁ ይልቅ ያ ነበር የከበደኝ።

ቦርዱ መጣ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ከፈልኩ፣ ተገጠመ። ኤሲው አልተነሳም! ባለሙያው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄኛውም ቦርድ የሞተ ነው የመጣው።» ሁለት ቦርድ በተከታታይ ሞተ። ባለቤቴ እዚያው ቆማ ነበር። «እንግዲያው ቤቱ ነው እንጂ ቦርዱ አይደለም የታመመው» አለችው። መሐንዲስ አይደለችም፣ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጉዳይ የሚወሰነው በሷ ነው።

እኛ የምንኖረው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው፤ ጎረቤታችን ቴክኒክና ሙያ የሚማር ልጅ አለው። ባለቤቴ እሱን ጠራችው። ልጁ አንዲት ቢጫ መልቲሜትር ይዞ መጣ። ኤሲውን አልነካውም። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍቶ የገመዱን ማሰሪያ ክዳን ከፈተ። ከዚያ አብርቶ በጥንቃቄ ፌዝና ኒውትራል መሃል ለካ። 220 አካባቢ መሆን ሲገባው ቁጥሩ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ አይረጋም። ፌዝና የመሬት ገመዱ መሃል ሲለካ ግን ደህና 220 ቅርብ አሳየው። «ጋሼ፣ ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቀርቷል» አለኝ። ቦርሳም ቱታም የለውም።

መስመሩን ተከትሎ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። ገመዶቹ የሚገናኙባትን ሣጥን ከፈታት። ቤቱን የሠራው ሰው ኒውትራሉን በእጁ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎት ነበር። ፕላስተሩ ቀልጧል፣ መዳቡ ጠቁሯል። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሲው በአንዴ ሲጎትት ጨርሶ ይለቃል። መብራት ከተመለሰ በኋላ አልነሳ ያለው ለዚህ ነው እንጂ መብራቱ ቦርድ አቃጥሎ አይደለም። ልጁ ገመዱን ቆርጦ፣ አጽድቶ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ አሰረው። ዕቃው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ኤሲው «ቲት» አለ። አማቴ ከሳሎን «ተመስገን» ሲሉ እኔ ገና ወንበር ላይ ነበርኩ።

ነገሩ ግን አላለቀም፣ ምክንያቱም አሮጌው ቦርድ ሱቁ ጋ ቀርቷል። ልጁ «እሱም ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ አስመልሱት» አለ። ሄድኩ። «የተቀየረ ዕቃ የሱቁ ነው» አሉኝ። የት ተጽፏል? መልስ የለም። «ተጥሏል» አሉ። የት ተጣለ? አሁንም መልስ የለም። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንድ ሽማግሌ ይዤ ተመለስኩና ሰላምታ ብቻ ተሰጣጠን ቁጭ አልን። ትንሽ ቆይቶ «የተጣለው» ቦርድ ከኋላ ክፍል በፌስታል ወጣ። ቤት ወስደን ብንሰካው እንደ ልቡ ሠራ። አሁን የሚሠራው እሱው ነው፣ የተገዛው ቁም ሳጥን ውስጥ መለዋወጫ ሆኖ ተቀምጧል። ጅማ ላይ መለዋወጫ ቦርድ ያለው ሰው ከፈለጋችሁ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ያንቺ ባለሙያ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ኤሲው ገመድ መግቢያ ላይ በፌዝና በኒውትራል መሃል ስንት ቮልት አለ? ቁጥሩን ይንገርሽ። ቴስተር ካወጣ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ቁጥሩ ከ200 በላይ ሆኖ ረግቶ ከቆመና ማሽኑ አሁንም ዝም ካለ፣ ያኔ ቦርዱን መጠርጠር ልክ ነው። ያኔም ቢሆን ሙሉ ቦርድ ከመግዛትሽ በፊት ፊውዙን ያሳይሽ። ቦርዱ ላይ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ አለ፣ ብዙ ጊዜ 3.15 አምፔር ነው። አጠገቡ ቫሪስተር የሚሉት ክብ ጠፍጣፋ ነገር አለ። ቮልቴጅ ድንገት ሲዘል እሱ ራሱን ይሰዋና ፊውዙ ይቃጠላል፣ የቀረው ቦርድ ይተርፋል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ብየዳ የሚችል የሬዲዮ ጠጋኝ ይቀይራቸዋል። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ላስገባልሽ የሚል ካለ ግን አይሆንም በይው፣ ቤት ይቃጠላል።

ቦርዱ በእርግጥ ከተነቀለም ሞዴሉንና ቁጥሩን በስልክሽ አንሺው፣ አሮጌው ዕቃ እንደሚመለስልሽ ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። እኔ ሽማግሌ ነበረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቤትሽ ውስጥ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ቦግ ካሉ ወይ አንዴ ቦግ አንዴ ደብዘዝ ካሉ ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርጂ። ያ የሰፈሩ መስመር ኒውትራል ተላቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤት የሚገባው ቮልቴጅ እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ቴሌቪዥንም ፍሪጅም አይምርም። እሱን በራስሽ አትነካኪ፣ የመስመር ሠራተኞች ጥሪ። እኛ ሰፈር ደርሶ በጥሩ ፍጥነት መጥተው አስረውታል፣ የሚመሰገነውን ማመስገን ነው። የውጪውን ክፍልም አትክፈቺ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። ከውጭ ሆነሽ ግን ገመዱን እዪው። አይጥ ይበላዋል፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ጉንዳን ሙቀት ፍለጋ ይገባበታል።

ከሥር ስለ ስታቢላይዘር ለጠየቀው ወንድሜ፦ ለ12,000 ቢቲዩ ብዙ ጊዜ አቅሙ 3 ኪቪኤ የሆነ ይባላል፣ ለትልቁ ከዚያ በላይ። ኤሲውን የቴሌቪዥኑ ስታቢላይዘር ላይ አትሰካው፣ ዲቫይደር ላይም አትሰካው። ለኤሲ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

እህቴ፣ መልቲሜትር ያለው ሰው ካጣሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ልጁን እልክልሻለሁ፣ የባጃጁን ሸፍኚለት። ሲለካ የወጣውን ቁጥርም እዚሁ ጻፊው፣ እናየዋለን።