ትንሿ ሽጉጥ ትሻለኛለች ወይ?

ከኮምቦልቻ የደረሰን ጥያቄ፦

ጋሼ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፣ አንዳንዴ ብር ይዤ አንዳንዴ እቃ ይዤ፣ መሽቶብኝ የምመለስበትም ቀን አለ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የተወልኝ ማካሮቭ ሽጉጥ አለ፣ ፈቃድ ያለው ነው። ግን ወገቤ ላይ ሳደርገው ይከብደኛል፣ በዛ ላይ እኛ ጋ በሙቀቱ በሸሚዝ ነው የምንውለው፣ ጎንበስ ስል ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሰው ከፊቴ ይልቅ ወገቤን ማየት ጀመረ። ጓደኞቼ ሽጠውና ግሎክ የሚሏትን ያዝ፣ ቀለል ያለች ናት ይሉኛል፣ አንዱ ደግሞ ቱርክ ሰራሽ በርካሽ አመጣልሃለሁ ብሏል። የትኛዋ ትሻላለች? ጥይት አጉርሼ ልያዝ ወይስ ሳላጎርስ?

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ግን ያቺን «ፈቃድ ያለው ነው» ያልካትን እንያት፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከሷ በኋላ ነው የሚመጣው። ፈቃዱ በማን ስም ነው? በአባትህ ከሆነ አንተ ፈቃድ የለህም ማለት ነው በቃ፣ መሣሪያ ቤት እንደሚወረስ አይወረስም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየውና ለዛችው መሣሪያ ነው፣ ለልጅም ለወንድምም አይተላለፍም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሽጉጡን ወገብህ ላይ ሳይሆን ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ፖሊስ ጋ ሂድ፣ አባቴ አርፏል፣ መሣሪያው ቤት አለ፣ ምን ላድርግ በል። እዛ ያሉህን ፈጽም። «ሽጠውና» የምትለዋን ምክር ደግሞ ጓደኛህ ለራሱ ያቆያት፣ መሣሪያ እንደ ጎማ ከሰው ለሰው አይሸጥም።

እሺ፣ ፈቃዱ በስምህ ሆነልህ እንበል። እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት ግምጃ ቤት ውስጥ ብረት ስጠርግና ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እና የአንተን ጥያቄ ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ አድርግልኝና። ለምን መሰለህ፣ ትንሿ ሽጉጥ እኮ እጅህ ላይ ያለችው ናት።

ቁጥሩን እይልኝ። ማካሮቭ ከአፈሙዙ እስከ ኋላዋ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ናት፣ ባዶዋን 730 ግራም፣ 8 ጥይቷን ስትሞላ 810 ግራም አካባቢ ትሆናለች። ጓደኞችህ የሚሏት ግሎክ ምናልባት 19 ቁጥሯ ትሆናለች፣ እሷ 18 ሳንቲ ተኩል ገደማ ናት፣ ባዶዋን አዎ ቀለል ትላለች፣ እጀታዋ ፕላስቲክ ነው፣ ግን 15 ጥይት ስለምትይዝ ሞልተህ ስታስራት ክብደቷ ከ800 ግራም በላይ ነው። ማለትም ከበደኝ ብለህ ቀይረህ ያው ክብደት በትልቅ ቁመት ልትይዝ ነው። ግሎክ 26 የምትባለዋ አጭሯ ደግሞ 10 ጥይት ትይዛለች፣ ቁመቷ ከማካሮቭህ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ እጀታዋ ግን አጠር ስለሚል ከሸሚዝ ስር አትጋለጥም፣ የእጅህ ትንሿ ጣት ግን መያዣ አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። ከሁሉም የምታንሰው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሲግ ፒ 365 ናት፣ 15 ሳንቲ እንኳን አትሞላም፣ ባዶዋ ግማሽ ኪሎ ብቻ። አሜሪካኖቹ እንደዛ ዓይነቷን ነው በየቀኑ ከልብስ ስር የሚይዙት፣ እዛ ሱቅ ገብተህ አስር ዓይነት ጨብጠህ መምረጥ ትችላለህ፣ እኛ አገር ምርጫው ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ነው።

ትንሽ ስትሆን ደግሞ ታስከፍልሃለች። ቀላል ሽጉጥ በጣም ይራገጣል፣ ሁለተኛዋን ጥይት ከመተኮስህ በፊት አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሄዷል። ሌላው ማነጣጠሪያው ነው። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ 13 ሳንቲ ከተራራቁ 1 ሚሊሜትር ብትሳሳት 10 ሜትር ላይ ወደ 8 ሳንቲ ትስታለህ፣ 20 ሳንቲ ቢራራቁ ግን ያችው ስህተት 5 ሳንቲ ብቻ ናት። ይሄ ሂሳብ ነው፣ ጀግንነት አይደለም። ለዚህ ነው ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ነው ሲሉ ሰው የምቆጣው፣ ትንሽ ሽጉጥ የሚሆነው ብዙ ለተኮሰ ሰው ነው።

አሁን ወደ በሽታህ እንምጣ። ጎንበስ ስትል የሚታየው አፈሙዙ አይደለም፣ እሱማ ሱሪህ ውስጥ ነው ያለው። የሚታየው እጀታው ነው፣ ሸሚዙን እንደ ድንኳን ምሰሶ የሚወጥረው እሱ ነው። ለምን ይወጥራል ካልከኝ ደግሞ ቀበቶህ ልፍስፍስ ስለሆነ ነው፣ ልወራረድ እችላለሁ ያቺ የጨርቅ ሱሪ ላይ የምትታሰር ስስ ቀበቶ ናት ያደረግከው። ጠንካራ ባለ ሁለት ድርብ ቆዳ ቀበቶ ግዛ፣ ደሴ ቆዳ የሚሰፋ ባለሙያ አይጠፋም፣ በልክህ ያሰፋልሃል። ማህደሩንም (የሽጉጥ ቤት የምንለውን) እዛው አሰፋ፣ ግን እንዲህ በለው፦ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ አፉ ሽጉጡ ሲወጣ የማይጨማደድ፣ ከቀበቶው ጋር የሚጣበቅ። ስታስረው ከጎድንህ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ እጀታው ወደ ፊት ዘመም ይበል። ከዛ ባዶውን፣ ሁለቴ ሶስቴ አይተህ ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ፣ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ አድርገው ዋል። ዱካ ላይ ቁጭ በልበት፣ ቡና ጠጣበት፣ የጫማህን ማሰሪያ እሰርበት፣ መኪና ግባበት። የት እንደሚወጋህ ያኔ ታውቀዋለህ። ጁምአ ቀን ግን እቤት ቆልፈህበት ሂድ፣ ሰጁድ ላይ ሽጉጥ ያጋለጠ ሰው ሰፉን ሁሉ ነው የሚረብሸው፣ መስጊድም ቤተክርስቲያንም ብረት ይዘው የሚገቡበት ቦታ አይደለም።

የኮምቦልቻ ላብ ሌላ ጣጣ ነው። ማካሮቭ ብረት ነው፣ ላብ ጨው ነው፣ ማታ ማታ ደረቅ ጨርቅ ካላሳየኸው እጀታው ስር ዝገት ይጀምረዋል። ዘይት ስትቀባ ጠብታ ይበቃዋል፣ እንደ ጥብስ አታጥለቅልቀው።

ስለ ቱርኩ። ቱርክ አገር ጥሩ ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፣ እሱን አልክድም። ግን በርካሽ አመጣልሃለሁ የሚልህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣልህ ድምፅ ብቻ እንድታሰማ የተሠራችውን፣ የሰርግና የፊልም ዓይነቷን ነው፣ የደፈኑት አፈሙዟ ተበስቶ። ብረቷ ለእውነተኛ ጥይት ግፊት አልተሠራም፣ እጅህ ላይ ልትፈነዳ ትችላለች። ቁጥሯ አልተመዘገበም፣ ፈቃድም አታወጣባትም። የ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለው «አመጣልሃለሁ» በዝቷል፣ አልፈልግም በለው በቃ።

ጥይት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፣ ዘጠኝ ሁሉ አንድ ዘጠኝ አይደለም። መጀመሪያ የሚጻፈው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፣ በሚሊሜትር። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን መኮንኖቹ ከታጠቁት ውስጥ ያቺ በየሽማግሌው ቤት አሁንም የምትነሳው የ1934 እ.ኤ.አ. ሞዴሏ ቤሬታ ሽጉጥ ነበረችበት፣ እሷ 9 በ17 ነው የምትበላው። ማካሮቭ 9 በ18። ግሎክ 9 በ19። ሶስቱም «የዘጠኝ ጥይት» ይባላሉ። የማካሮቭ ጥይት እርሳሱ ራሱ ወፈር ይላል፣ ለግሎክ አይሆንም፣ የግሎኩም ለማካሮቭ አይሆንም። አንድ ጊዜ ሰውየው የማካሮቭ ጥይት በጣልያን ቤሬታ ሊያጎርስ እየታገለ በመዶሻ እጀታ ሲገፋ ደርሼ ነጥቄዋለሁ፣ እጄ እስክመለስ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጥይቱ ቂጥ ላይ ያለውንና ሽጉጡ ላይ የተጻፈውን ሳታመሳክር አታጉርስ።

አጉርሼ ወይስ ሳላጎርስ ላልከው። ማካሮቭ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሺያኖች የታጠቁት ሽጉጥ ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ወደ ላይ ስትሆን ይዘጋል፣ መምቻውንም በሰላም ታወርደዋለች። የመጀመሪያዋ ቃታ ከበድ ያለችና ረዥም ናት፣ ሳታስበው አትሳብም። ግሎክ እንዲህ ዓይነት የጎን ቁልፍ የላትም፣ ከውጭ የምታያት ጥበቃዋ ቃታው ላይ ያለች ምላስ ናት፣ ቃታውን የነካ ነገር ሁሉ ምላሷንም ይነካል። ቶካሬቭ የምትባለዋን የድሮ የራሺያ ሽጉጥ የያዘ ዘመድ ካለህ ደግሞ ጨርሶ አጉርሶ እንዳይይዝ ንገረው። እና አንተ? ሳታጎርስ ያዝ፣ ማለትም ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ይቀመጥ፣ መተኮሻው ባዶ ይሁን። አውቃለሁ፣ ሌላ አገር ያሉ አሰልጣኞች በዚህ አይስማሙም፣ እነሱ ግን በወር ስንት መቶ ጥይት ይተኩሳሉ፣ አንተ ፖሊስ በፈቀደልህ ተኩስ ሜዳ መጨረሻ የተኮስከው መቼ ነው?

የማውቀው ሰው ደሴ ውስጥ፣ ብርዱ ያንዘፈዘፈበት ማታ፣ ያጎረሰ ሽጉጥ ያለ ማህደር ወገቡ ላይ ሊሽጥ ሲል የጃኬቱ ማጥበቂያ ገመድ ቃታው ውስጥ ገብቶ ባረቀበት። ጥይቷ ጭኑን ሰንጥቃ ወለሉን በሳች። ዛሬም ያነክሳል፣ ገመዱን ግን ቆርጦ ጥሎታል።

እና ሀረጎ ላይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለቱም እጅህ መሪ ላይ ነው፣ ወገብህ በመቀመጫ ቀበቶ ታስሯል፣ ጠመዝማዛው ላይ ሽጉጥ የት ይደረሳል። ብሩን በሞባይል ባንኪንግ ላከው፣ ሳይመሽ ውረድ። ማካሮቩን ፖሊስ ያጽድቅልህ እንጂ አትቀይረው።

ከደሴ፣ ከአራዳ አካባቢ፦

ጋሼ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ሱቄን ዘግቼ ማታ ነው የምገባው፣ በስሜ ፈቃድ ያወጣሁባት ትንሽ ሽጉጥ አለችኝ። ቀሚስ ላይ ቀበቶ አይሆንልኝም፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ባደርጋትስ?

መልስ፦

እቴ፣ አይሆንም። ማታ ሌባ መጀመሪያ የሚመነትፈው ምንድነው? ቦርሳ። ያኔ ብርሽንም ሽጉጥሽንም አንድ ላይ አስረከብሽ፣ በፈቃድሽ የተመዘገበ ቁጥር ያለው መሣሪያ። በዛ ላይ ቁልፍ፣ ሊፒስቲክ፣ እስክሪብቶ እዛው ቦርሳ ውስጥ ናቸው፣ ቃታ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም። እቤት ስትገቢ ደግሞ ቦርሳውን ሶፋ ላይ ወርውረሽ ወጥ ቤት ትገቢያለሽ፣ ልጅ ካለሽ ማስቲካ ፈልጎ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ከቀሚሱ ስር ሰፊ ጠንካራ መቀነት መሳይ ቀበቶ፣ ቃታውን የሚሸፍን ማህደር የተሰፋበት፣ ያው የቆዳ ባለሙያው ይሠራልሻል፣ ከላይ ነጠላሽን ጣል ታደርጊበታለሽ። ካልተመቸሽ ቤት ቆልፈሽባት ተይያትና ከጎረቤት ሱቆች ጋር በአንድ ሰዓት ዘግታችሁ አብራችሁ ውጡ። የምትቆለፍበት ሳጥን ቁልፍ ደግሞ አንገትሽ ላይ ይሁን፣ ቡፌው ላይ አይደለም።