ስፓኒሽ የማያቀላጥፈው ወጣት ሜክሲኳዊ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ስለሆነ የአገሪቱን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሕዝቧን ያወቅሁት ግን ሎስ አንጀለስ መጥቼ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርሁ በኋላ ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ ወላጆቹም የተወለዱት እዚሁ ነው። ሜክሲኮን ረግጧት አያውቅም፣ ስፓኒሹም ይሰባበርበታል፤ ሆኖም ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ «ሜክሲኳዊ ነኝ» ይላል። ከሜክሲኮዋ ኦአሃካ ግዛት የመጣው ሌላው ባልደረባችን ይህን በሰማ ቁጥር «ፖቾ» እያለ ይስቅበታል። ለመሆኑ ከሁለቱ እውነተኛው ሜክሲኳዊ ማን ነው? ወጣቱ በኖቬምበር መጀመሪያ ለሙታን ቀን ቤታቸው ጠርቶኛልና ምን ይዤ ብሄድ ተገቢ እንደሚሆንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁለቱም ሜክሲኳውያን ናቸው። ይህን የምንለው ሰዎቹን ለማስታረቅ ብለን አይደለም፤ ታሪካቸው ራሱ የሚመሰክረው ስለሆነ ነው።

በአሜሪካ ያለ ሜክሲኳዊ ሁሉ ድንበር ተሻግሮ የመጣ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን እርስዎ የሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ ራሷ የሜክሲኮ ከተማ ነበረች። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ እ.ኤ.አ. በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊ ግዛቷን ለአሜሪካ ስትለቅ፣ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመቱ ዜጎቿ ከደጃፋቸው ሳይርቁ የሌላ አገር ነዋሪዎች ሆኑ። ውሉ ዜግነታቸውን እንዲመርጡ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሜክሲኳዊ ሆነው መቅረት እንደሚሹ ያላስታወቁት አሜሪካዊ ሆነው ተቆጠሩ። «ድንበሩ እኛን ተሻገረን እንጂ እኛ ድንበር አልተሻገርንም» የሚባለው አነጋገር መነሻው ይኸው ነው።

ኋላ የመጡትም ቢሆኑ ጉዟቸው መምጣት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 በቆየው የብራሴሮ ስምምነት ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውል እየተፈረመ፣ በርካታ ሜክሲኳውያን ለእርሻ ሥራ ሲመጡና ሲመለሱ ኖረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሜክሲኮ እንዲሄዱ ተደርጓል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ልጆች ነበሩ። በዓይናቸው ወዳላዩት አገር «ወደ አገራችሁ» ተብለው የተሸኙትን እነዚያን ልጆች ባሰብን ቁጥር ልባችን ይነካል። የወጣቱ ባልደረባዎ «ሜክሲኳዊ ነኝ» ማለትም እንዲሁ የወጣትነት ስሜት አይመስለንም። «ሜክሲኳዊ» የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰጡት ሌሎች ናቸው፤ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ለማንቋሸሽ ቀድሞ ይነገር የነበረውን «ቺካኖ» የሚለውን ቃል በ1960ዎቹ የክብር መጠሪያ አድርገው ያነሡት ወጣቶችም የዚሁ ታሪክ ልጆች ነበሩ።

ወደ ቋንቋው እንመለስ፤ ፌዙ የተነሣው ከዚያ ነውና። «ፖቾ» ስፓኒሹን ጥሏል፣ አሜሪካዊ ሆኗል የሚባል ሜክሲኳዊ በንቀት የሚጠራበት ቃል ነው። በቴክሳስና በሌሎች የደቡብ ምዕራብ ግዛቶች ግን በትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተናገረ ልጅ የሚቀጣበት ዘመን ነበር፤ በዚህ የተነሣ ልጆቼ እኔ የቀመስሁትን አይቅመሱ ብሎ ቤቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ያሳደገ ወላጅ ብዙ ነው። ከኦአሃካ የመጡት ባልደረባዎ ደግሞ እናታቸውን በስልክ ሲያነጋግሩ አንድ ቀን ልብ ብለው ያድምጡ። በሎስ አንጀለስ ከሚኖሩት የኦአሃካ ተወላጆች ብዙዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ካላቸው የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ሳፖቴኮች ናቸውና የሚሰሙት ቋንቋ ስፓኒሽ ላይሆን ይችላል። ሜክሲኮ ዛሬ 68 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን በይፋ ታውቃለች፤ ይሁን እንጂ በዚያም አገር በትምህርት ቤት በሳፖቴክ በመናገራቸው የተቀጡ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ አንዱ የአያቶቹን ስፓኒሽ የተነጠቀው፣ ሌላው ስፓኒሽ እንዲናገር የተገደደው በተመሳሳይ መንገድ ነው ማለት ነው። ስፓኒሽን የሜክሲኳዊነት መለኪያ ካደረግነው የሚጎዳው ወጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉም በፊት በዚያ ምድር የነበሩት ሕዝቦችም ከመለኪያው ውጭ ይቀራሉ።

ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ወደዚህ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሜክሲኮ ውስጥ የተወለደ ሰው የሌላ አገር ዜግነት ቢወስድም ሜክሲኳዊነቱን አያጣም፤ በ2021 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ ራሳቸው በውጭ አገር ከተወለዱ ሜክሲኳውያን በውጭ አገር ለሚወለዱ ልጆችም በር ተከፍቷል።

የተጠሩበት በዓልም የሁለቱም ወገን እጅ ያለበት ነው። በሜክሲኮ የሙታን ቀን ከጥንት ጀምሮ በየቤቱና በየመቃብሩ ሥፍራ ሲከበር የኖረ ሲሆን፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የቺካኖ ሠዓሊዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ አደባባይ አውጥተው የሰልፍና የሥነ ጥበብ በዓል አደረጉት። በሜክሲኮ ሲቲ ዛሬ በየዓመቱ የሚታየው ታላቅ ሰልፍ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ መነሻውም በአንድ ፊልም ላይ ለትዕይንት ተብሎ የተፈጠረ ሰልፍ ነው። ይህን ሰምተው ባህሉ ተበረዘ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በቤት ውስጥ ለሟቾች የሚዘጋጀው ጠረጴዛ እስካልጠፋ ድረስ በዚህ አንስማማም።

ያንን ጠረጴዛ «ኦፍሬንዳ» ይሉታል። በላዩ የሟቾቹ ፎቶግራፍ ይቀመጣል፤ ከመንገድ ለሚመጣው ነፍስ ጥም ማርኪያ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው፣ ሻማ፣ ሟቹ በሕይወቱ ይወደው የነበረ ምግብ፣ ለዚሁ ቀን የሚጋገር ዳቦም ይቀርባል። ሴምፓሱቺል የተባለው ብርቱካናማ አበባ ተበጣጥሶ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው እንደ መንገድ ይነሰነሳል። በተለምዶ ኖቬምበር 1 የሕፃናት፣ ኖቬምበር 2 የአዋቂዎች መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ከዚህ አበባ አንድ እቅፍ ወይም ዳቦ ይዘው ቢሄዱ ደስ ይላቸዋል። የእርስዎን ሟች ፎቶግራፍ ለማኖር ከፈለጉ አስቀድመው ወጣቱን ይጠይቁት። ቤቱ ሲገቡ የሚቀበልዎ ጭስ የኮፓል ነው፤ እርሱም ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ በፍም ላይ ሲጨስ ነውና ዕጣን ለለመደ አፍንጫ ብዙም እንግዳ አይሆንም።