የክልላዊ ብስክሌት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት፦ ለአንድ ዓመት ልቀበለው?

ጥያቄ፦ በስፖርት ማኔጅመንት በቅርቡ ተመርቄአለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ክለብ በጎዳና ብስክሌት እወዳደር ነበር። አሁን የክልላችን የብስክሌት ማኅበር ለአንድ ዓመት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ እንድሠራ ጠይቆኛል። ክፍያው አነስተኛ ነው፤ ከእኔ በስተቀር ተቀጣሪ የለም፤ የቀሩት ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጓደኞቼ ዓመቱን ከማባክን በአንድ ድርጅት በጀማሪነት ብቀጠር እንደሚሻለኝ ይነግሩኛል። ሥራው በእርግጥ ምን ይመስላል? ልቀበለውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥራውን እንዲቀበሉ እመክርዎታለሁ፤ ይህን የምለው ግን አንድ ነገር አስቀድመው ከተረዱ ነው። ተወዳዳሪ ስለነበሩ የማኅበሩን ሥራ ከተወዳዳሪው ወገን ሆነው ማየትዎ አይቀርም። የአንድን ማኅበር ዓመት መልካም ወይም መጥፎ የሚያደርገው ግን የተመዘገቡት ብስክሌተኞች ብዛት ሳይሆን፣ ውድድር ለማዘጋጀት ኃላፊነት የሚወስዱ ክለቦችና በመጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ውጤቱን የሚወስኑ ዳኞች መኖራቸው ነው። ተወዳዳሪው ውድድር መኖሩን ከሰማ ይመጣል። አዘጋጅና ዳኛ ግን ካልተፈለጉ፣ ካልሠለጠኑና ወጪያቸው ካልተሸፈነ አይገኙም፤ ከተገኙም በሚቀጥለው ዓመት አይመለሱም። ዓመቱን ለእነዚህ ሰዎች ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በጀማሪነት ተቀጥረው ከሌሎች ሥር ሆነው ቀስ በቀስ የሚያዩትን የስፖርት አስተዳደር ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ከነሙሉ ኃላፊነቱ ይሠሩታል።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ግን ሦስት ሰነዶችን እንዲያሳዩዎት በትሕትና ይጠይቁ፦ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጨረሻውን ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር፣ እንዲሁም በሥራ ላይ ያለውን የመድን ውል። ከደንቡ ገንዘብ የሚወጣው በማን ፊርማ እንደሆነ፣ የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን የት እንደሚያበቃና የእርስዎ ከየት እንደሚጀምር ይረዳሉ። ከቃለ ጉባኤው ደግሞ የትኞቹ ክለቦች እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙና ያለፈው ዓመት ዕዳ ተከፍሎ እንደሆነ ይታወቃል። የመድን ውሉን በተለይ ተረጋግተው ያንብቡት። ተወዳዳሪውን ብቻ የሚሸፍን ውል አለ፤ በውድድሩ ምክንያት ጉዳት የሚደርስበትን መንገደኛና በመንገድ ላይ ቆሞ ተሽከርካሪ የሚያስቆመውን በጎ ፈቃደኛ ጭምር የሚሸፍን ውልም አለ። ማኅበሩ እነዚህን ሰነዶች ለማሳየት ካመነታ፣ ይህን ምክር ከሰጠሁበት ሐሳብ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ዋና ሥራ የውድድር መርሐ ግብር ማውጣት ነው። ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን የዓመቱ ከባዱ ሥራ እርሱ ነው እላለሁ። በ1900 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ ማለትም ዩሲአይ፣ የራሱን መርሐ ግብር ያወጣል፤ ብሔራዊው ፌዴሬሽን ከዚያ አንጻር የአገር ሻምፒዮናውን ቀን ይወስናል፤ ክልሉም የሚሠራው በቀሩት ቀናት ላይ ነው። ስለዚህ ብሔራዊው ቀን ሳይቆረጥ ለክለቦች ቀን ማደል በኋላ ሁሉንም እንደገና ለማንቀሳቀስ ያስገድዳል። ከክለቦች የቀን ጥያቄ ሲቀበሉም «በዚህ ሳምንት መጨረሻ ላይ ውድድር ማዘጋጀት እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። የውድድሩ መስመር በካርታ ተለይቶ፣ ፈቃድ የሚሰጠው የመንገድና የፖሊስ አካል ታውቆ፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው በስም ተጠቅሶ ሊቀርብ ይገባል። ስም የሌለበት ጥያቄ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በእርስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በተጨማሪም የአጎራባች ክልሎችን መርሐ ግብርና ለወጣቶች ምድብ ደግሞ የትምህርት ቤት ፈተና ጊዜን አስቀድመው ይመልከቱ፤ በተመሳሳይ ቀን የሚደረጉ ሁለት ውድድሮች ሁለቱም በግማሽ ተወዳዳሪ ይካሄዳሉ፣ ሁለቱም አዘጋጆች ይከስራሉ።

በመርሐ ግብሩ ይዘት ላይም የራሴ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ብዙ ማኅበራት ክብሩን ፈልገው ረጃጅም የጎዳና ውድድሮችን ያበዛሉ። የጎዳና ውድድር ግን አጃቢ ተሽከርካሪዎችን፣ ሞተረኞችን፣ በየመስቀለኛው መንገድ አስተናባሪዎችንና ረጅም የፈቃድ ሂደት ይጠይቃል። የግል ክሮኖ ውድድር፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት፣ በአንጻሩ ተወዳዳሪዎችን በእኩል የጊዜ ልዩነት አንድ በአንድ ስለሚለቅ በጥቂት ሰዎች ሊካሄድ ይችላል፤ ለተሽከርካሪ በተዘጋ አጭር ዙር ላይ የሚደረግ ውድድርም አስተናባሪዎቹን በአንድ አካባቢ ይሰበስባል። አዲስ ክለብ አዘጋጅነትን በክሮኖ ቢጀምር፣ ቀጥሎ ወደ ዙር ውድድር ቢያልፍ፣ የጎዳና ውድድርን ደግሞ ልምድ ላላቸው ክለቦች ቢተዉላቸው በዓመቱ መጨረሻ የአዘጋጆችዎ ቁጥር ጨምሮ ያገኙታል።

በዚሁ ወቅት የተወዳዳሪነት ፈቃድ ማደስም ይመጣል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለጎርጎርዮሳዊው ዓመት ሲሆን፣ የዕድሜ ምድብም የሚሰላው ከልደት ቀን ሳይሆን ከውድድሩ ዓመት ላይ የልደት ዓመትን በመቀነስ ነው፦ 17 እና 18 ታዳጊ ወጣቶች፣ ከ19 እስከ 22 «ከ23 ዓመት በታች» የሚባለው ምድብ፣ ከ23 ጀምሮ ዋናው ምድብ። ወላጆች «ልጄ ገና 16 ዓመቱ ነው» ብለው የሚያቀርቡት ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ስሌት ነውና በምዝገባ ቅጹ ላይ በግልጽ ያስፍሩት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደማስብበት ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም የዳኞች፣ በሙያው አጠራር የኮሚሴሮች፣ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው መስመር እንዴት እንደሚሠራ ይመልከቱ፦ በደንቡ መሠረት 72 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ቅብ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር መስመር በመካከሉ ይሰመራል፤ በግራና በቀኙ 34 ሴንቲ ሜትር ነጭ ይቀራል። ተወዳዳሪው ገባ የሚባለው የፊት ጎማው ከዚያ ጥቁር መስመር የመጀመሪያ ጠርዝ በላይ ያለውን ቀጥ ያለ ክልል በነካበት ቅጽበት ነው። ተወዳዳሪዎች ተጠጋግተው በጅምላ ሲገቡ አንዱ ዳኛ ቁጥሮችን እያየ ወደ ድምፅ መቅጃ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ካሜራውም በመስመሩ ትክክል ተተክሎ ይቀርጻል። ብስክሌቱ ላይ የሚታሰረው የኤሌክትሮኒክ መለያ ሰዓቱን ቢመዘግብም የጎማውን ጠርዝ ስለማያይ፣ በጣም በተቀራረቡት መካከል የሚፈርደው ምስሉ ነው። ይህን ሥራ አንድ ሰው በስሕተት ከሠራው፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋ ወጣት ያልተገባውን ደረጃ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማኅበሩም የሚጠፋበት እምነት በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ውድድር በማይኖርበት ወቅት የዳኞች ሥልጠና ያዘጋጁ፤ ከፌዴሬሽኑ ልምድ ያለው ኮሚሴር ይጋብዙ፤ እርስዎም ተማሪ ሆነው አብረው ይቀመጡ። ሰዎች በልማድ አሳስተው የሚይዟቸውን ደንቦች በተለይ አስተምሩ። ለምሳሌ በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የወደቀ ተወዳዳሪ አብሯቸው ከነበሩት ጋር እኩል ሰዓት ይሰጠዋል የሚለው ደንብ ለብዙ ቀን ውድድር የወጣ ነው፤ በአንድ ቀን ውድድር ላይ አይሠራም፣ በብዙ ቀን ውድድር ውስጥ በዳገት ጫፍ በሚጠናቀቅ የዕለት ጉዞም አይሠራም። በግል ክሮኖ ደግሞ የተደረሰበት ተወዳዳሪ የቀደመውን ተከትሎ ከነፋስ መከለል አይፈቀድለትም፤ ቢያንስ 25 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ አለበት። የብስክሌቱ ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን በየዓመቱ የሚያረጋግጥ ማኅበር ግን ጥቂት ነው። አዲሱን ዳኛ ከነባሩ ጋር አጣምረው ያሰማሩ፤ የራሱ ልጅ ወይም የራሱ ክለብ በሚወዳደርበት ምድብ ላይ ማንንም አያስፈርዱ። የትራንስፖርትና የምግብ ወጪያቸውን ደግሞ በዚያው ቀን ይክፈሉ። በገንዘብ በኩል ሌላ ነገር መጉደሉ የማይቀር ከሆነ ሽልማቱ ይቀንስ እንጂ የዳኛው ወጪ አይዘግይ።

ደኅንነትን በተመለከተ የማይደራደሩበት ወሰን ይኑርዎት። የራስ ቁር በዋናው የጎዳና ውድድር ላይ ግዴታ የሆነው በ2003 ነው፤ ያውም ያለ ቁር የወደቀ ባለሙያ ተወዳዳሪ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ። ተወዳዳሪዎች ፍጥነታቸውን በሚጨምሩበት በመጨረሻው መስመር አካባቢ ዓለም አቀፉ ደንብ ከመስመሩ በፊት ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከመስመሩ በኋላም 100 ሜትር በአጥር እንዲከለል ይጠይቃል፤ የክልል ውድድር አጥር ባያገኝ እንኳ ያንኑ ርቀት በገመድና በሰው መጠበቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ አዘጋጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ አንዱ አምቡላንስ የተጎዳ ሰው ይዞ ወደ ሆስፒታል ከሄደ ውድድሩ ምን ይሆናል? መልሱ ሁለተኛ አምቡላንስ መኖሩ ወይም ውድድሩ መቆሙ ነው፤ ሦስተኛ መልስ የለም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተነሣ ተወዳዳሪም «ደህና ነኝ» ስላለ ብቻ ወደ ብስክሌቱ አይመለስ። ዩሲአይ ከ2021 የውድድር ዘመን ጀምሮ የጭንቅላት መናወጥን የሚመለከት የአሠራር መመሪያ አውጥቷልና አሰልጣኞችና አስተናባሪዎች ምልክቶቹን እንዲያውቁ ያድርጉ።

የሴቶች ውድድር ጉዳይ በመጀመሪያው የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ላይ ሊነሣብዎት ይችላል፤ «ተመዝጋቢዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከወንዶቹ ጋር ይቀላቀሉ ወይም ይሰረዝ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። የወንዶች የጎዳና ብስክሌት በ1896 በአቴንስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ ሴቶች ለተመሳሳዩ መድረክ እስከ 1984 ሎስ አንጀለስ ድረስ 88 ዓመታት ጠብቀዋል። ምክሬ የራሳቸው መነሻ ሰዓትና የራሳቸው ውጤት ይኑራቸው፣ ቁጥራቸው ባነሰበት ዓመትም ቀኑ እንዳይታጠፍ ነው፤ አንዲት ልጅ ለውድድር የምትዘጋጀው ውድድሩ እንደሚኖር እርግጠኛ ስትሆን ነውና።

ስለ ገንዘብ አጭር ቃል ብቻ እላለሁ። በጀቱን በእጅዎ ባለው የአባልነትና የምዝገባ ገቢ ላይ ይሥሩ፤ ስፖንሰር ከተገኘ ለተጨማሪ ሥራ ይዋል። ውልና ክፍያ ያልተያዘለትን የስፖንሰር ተስፋ በገቢ ዓምድ ውስጥ አያስፍሩ። ከአበረታች ቅመሞች ጋር የተያያዘውንም ትምህርት ቸል አይበሉ፤ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው የተከለከለ ንጥረ ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው መሆኑን፣ በገበያ ላይ ያለ ማሟያ ምግብም ሊያስቀጣው እንደሚችል ወጣቶቹ ፈቃዳቸውን ሲያድሱ ይንገሯቸው።

ጓደኞችዎ ስለሚያነሡት የሥራ ልምድ ጥያቄ ደግሞ፣ ማስረጃውን ራስዎ ካዘጋጁት ዓመቱ በሚገባ ይቆጠርልዎታል። በሥራ ልምድ ማስረጃዎ ላይ «ውድድሮችን አስተባብሬአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለቀጣሪ ብዙም አይነግረውም። ስንት ውድድር ታቅዶ ስንቱ እንደተካሄደ፣ ስንት አዲስ ዳኛ ሠልጥኖ ስንቱ በተግባር እንደፈረደ፣ በጀቱ በምን ያህል ልዩነት እንደተዘጋ የሚያሳይ ሁለት ገጽ፣ አንድ የተሟላ የደኅንነት ዕቅድ፣ ኦዲተሩ የተቀበለው የሒሳብ መዝገብ፤ እነዚህ በፌዴሬሽን፣ በከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም በዝግጅት አዘጋጅ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። በዓመቱ ውስጥ የብሔራዊ ኮሚሴርነት ፈተናውን ካለፉ ደግሞ ይህን ሥራ ቢለቁም አብሮዎት የሚሄድ ሙያ ይኖርዎታል።

ለማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚጽፉት መልስ አዎንታ ሆኖ ሁለት ጥያቄዎችን ይያዝ። የመጀመሪያው፣ እስካሁን ጽሕፈት ቤቱን ሲመራ ከነበረው ሰው ጋር ቢያንስ አንድ ወር አብረው እንዲሠሩና ርክክቡ በጽሑፍ እንዲሆን ነው፤ የክለቦቹ አድራሻ፣ የፈቃድ ሰጪ አካላት ደብዳቤዎችና የባንክ ሰነዶች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ስልክና መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ሁለተኛው፣ ቅዳሜና እሑድ በውድድር ላይ ስለሚውሉ በሳምንቱ ውስጥ የዕረፍት ቀንዎ በውሉ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ ነው። ሁለቱንም ከተቀበሉዎት ይፈርሙ፤ የብሔራዊው ሻምፒዮና ቀን መቆረጥ አለመቆረጡንም በዚያው ሳምንት ለፌዴሬሽኑ ጽፈው ይጠይቁ።