መልስ፦ የአስተያየት ሳጥን ይበቃል?

የእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ የአስተያየት ሳጥን መስቀል ይበቃል ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይበቃም። ቁልፉ ስም መዝጋቢው ኪስ ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ ጌጥ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም አሠራር ይሻላል፤ የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፣ የተዘለለ ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል (ኮሚቴው ውስጥ ተጠቃሚዎቹን የመለመሉት ሰዎች ራሳቸው ካልተቀመጡ ማለቴ ነው)። ስንት ኪሎ ስንዴ፣ ስንት ሊትር ዘይት እንደሚገባው አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲጎድልበት ያውቃል፤ ያልተነገረው ግን የተሰፈረለትን ተቀብሎ፣ መርቆ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. እህሉ ላልታሰበለት ዓላማ ዋለ ተብሎ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቋርጡ፣ ጦሙን ያደረው ያልሰረቀው ነው። እርዳታውን የሚያከፋፍለውን ድርጅት ካገኙት ሳጥኑን ማን እንደሚከፍት፣ መልሱም በስንት ቀን እንደሚሰጥ ይጠይቁልን።