«አባቴ ያሾፍብኛል፤ ከቤት ልውጣ?»

የጻፈልን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከወላጆቹ ጋር የሚኖር የ26 ዓመት ወጣት ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ 2 ዓመት ሠርቷል። ከ8 ወር በፊት ግን ሥራውን ለቆ የቪዲዮ ጌም መሥራት ጀመረ። ጎዶት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ከዩቲዩብ እየተማረ፣ ስለ አንድ የታክሲ ረዳት ጌም እየሠራ ነው። «አባቴ ጨዋታ ሥራ ሆኖ አያውቅም ይለኛል። ያሾፍብኛል። ከቤት ልውጣ ወይስ ልታገሥ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚኒባስ በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ለመቅዳት መገናኛ ግማሽ ቀን መቆምህን ሳነብ፣ ይህ ልጅ ሥራውን ከልቡ ይወደዋል አልኩ።

አባትህ ጋ ስትደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለማሾፋቸው ያቀረብከው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው። ሌሊት የጠፋው መብራት ሲመጣ በርህን አንኳኩተው «መብራት መጥቷል፣ ተነስና ተጫወት» ይሉሃል። አንተ ንቀት ብለኸዋል። እኔ ሌላ ነገር ታየኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት መምጣቱን ያወቁት ስላልተኙ ነው። የላፕቶፕህ ባትሪ እንደማይዝም ያውቃሉ። «ተጫወት» ያሉህ ለሥራህ ሌላ ስም ስላልነገርካቸው ይሆናል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ድምፃቸውን የሰማኸው አንተ ነህ።

ከዚያ በታች፣ ብዙም ሳታስብባት የጻፍካት አንዲት መስመር አለች። «እሱ ሲገባ ቶሎ ብዬ ኤክሴል እከፍታለሁ።» እኔ እዚህ ላይ ቆምኩ። ኤክሴል ትተኸው የወጣኸው ሥራ ነው። አባትህ ግን ክፍልህ በገቡ ቁጥር የሚያዩት ያንኑ ሠንጠረዥ ነው። ታዲያ ምኑ ይግባቸው? በ8 ወር ውስጥ ጌሙን አንድ ቀን አሳይቻቸዋለሁ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ልጅ ሳለህ እናትህ ከጌም ቤት እየጎተቱ ያወጡህ እንደነበርም ጽፈሃል። ያኔ ጌም የሚደበቅ ነገር ነበር። እጅህ አሁንም እየደበቀ ነው። «ይሄ ሥራ አይደለም» የሚለው ድምፅ አባትህ ከመናገራቸው በፊት አንተው ውስጥ የነበረ ይመስለኛል። ነውር የለበትም፤ ደመወዝ ትቶ ወዳልታወቀ ነገር የገባ ሰው ሁሉ ይጠራጠራል። ግን ጥርጣሬው የአንተ ከሆነ፣ ቤት ብትከራይም አብሮህ ይገባል።

ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን ጌም ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣውን ኤሪክ ባሮንን ምሳሌ አድርገሃል። እውነት ነው፣ ከ4 ዓመት በላይ ለፍቶበታል። በእነዚያ ዓመታት ግን ፍቅረኛው እየሠራች ትደግፈው ነበር፤ እሱም በትርፍ ሰዓቱ ቴአትር ቤት ውስጥ በአስተናጋጅነት ሠርቷል። በእናንተ ቤት አስቤዛውንም የመብራት ሂሳቡንም የሚሸፍኑት አባትህ ናቸው። «እስከ መቼ?» ብለው ሲጠይቁህ በሩን ዘግተህ ወጥተሃል። በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሚከፍል ሰው ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

ከቤት መውጣቱን ለጊዜው ብታቆየው እላለሁ። አባትህ 20 ዓመት ሚኒባስ እንደነዱ በግማሽ መስመር ብቻ ነክተህ አልፈሃል። ጌምህ ግን ስለ ታክሲ ነው! አንድ ቀን ቡና ሲፈላ ላፕቶፑን ይዘህ ቁጭ በልና «አባዬ፣ ረዳቱ እዚህ ጋ ምን ይላል?» በላቸው። ጌም ሳይወጣ በፊት ሌላ ሰው እንዲሞክረው ማድረግ የሥራው ደንብ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። በመጀመሪያው ቀን ዞር ብለው ላያዩት ይችላሉ። አትቸኩል። የጊዜውንም ነገር በቁጥር ንገራቸው፤ 6 ወርም ይሁን አንድ ዓመት። የተወሰኑ ሰዓታት የሂሳብ ሥራ ብትይዝም ምናልባት ቤቱ ትንሽ ይረጋጋል።

እንቅልፍ ከራቀህ ወራት ማለፋቸውን ጽፈሃል። ይህን በደብዳቤ መመለስ አልችልም። አቅራቢያህ ካለ ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገር፤ ከተቻለ አንድ ቀን ከአባትህ ጋር ሂዱ። እስከዚያው ግን፣ ዛሬ ማታ በሩ ሲንኳኳ ኤክሴሉን አትክፈተው።